የስኳር በሽታ የልብን ትርታ እንዴት እንደሚያውክ፤ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ሰው የሚያመውን ነገር ፈጥኖ ይፈራል፤ የማያመውን ግን ችላ ይላል። ጥርሱ የታመመበት ሰው ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ መታገሥ ይከብደዋል፤ ዐይኑን ያመመውም በማግሥቱ ከሐኪም ዘንድ ይቀርባል። የስኳር በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ሥቃይ ወደ ሰውነት የሚገባና ያለ ሥቃይ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲኖር ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ይህ በሽታ እግርን፣ ዐይንንና ኵላሊትን እንደሚጐዳ ብዙ ሰዎች ሰምተዋል። ልብን የሚያስመታውን የኤሌክትሪክ መንገድ እንደሚጐዳ ግን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ይህን ነገር ለቤተ ሰብ አባትና እናት በሚገባ ቃል ልንገልጸው አስበናል።

በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ብዙ ሳይርቅ፣ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። ሆስፒታሉ በአድቬንቲስት ሚሲዮን ተመሥርቶ በኋላ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት እጅ የተላለፈ ነው። ስሙንም ያገኘው በ1909 ዓ.ም. ከነገሡት ከዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነው። ንግሥቲቱ የስኳር ሕመም እንደ ነበረባቸው በታሪክ ተጽፏል። ቀድሞ ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ላይ ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 ቀን በ53 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ስለ ዕረፍታቸው የተነገረው አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዶቹ መርዶው ልባቸውን ሰበረው ይላሉ፤ ሌሎቹ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው እንደ ነበረ ይናገራሉ፤ በዚያን ጊዜ በከተማው ከነበሩት የውጭ አገር መልእክተኞች ወገን ደግሞ ትኩሳቱ ሳይለቃቸው እጅግ በቀዘቀዘ ጠበል ስለ ተነከሩ ሰውነታቸው ደነገጠ ብለው የጻፉ ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ላይ ተነሥቶ የልባቸው ሕመም እንዲህ ነበረ ብሎ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ሦስቱ ወሬዎች ሁሉ፣ ማለት ኀዘኑም፣ ትኩሳቱም፣ ብርዱም፣ ልብን በድንገት የሚያስጨንቁ ነገሮች ናቸው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲመጣበት ልቡ ትርታውን ከነገሩ ጋራ አስማምቶ ያልፈዋል። የስኳር በሽታ ለብዙ ዘመን የተቀመጠበት ሰው ልብ ግን ይህን የማስማማት ኀይል ጥቂት በጥቂት ሊያጣው ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ አስቀድሞ የጤነኛውን ልብ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ በላይ፣ ሁለቱ በታች ናቸው። ልብ የሚመታው ራሱ በሚያወጣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። የኤሌክትሪኩ መንገድ በመንግሥት ሥራ ላይ እንደምናየው የትእዛዝ ጉዞ ያለ ነው። ትእዛዙ የሚወጣው በቀኙ የላይኛ ክፍል ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ስፍራ ነው፤ ይህችም ስፍራ ሰው ዐርፎ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ያህል ትእዛዝ ትሰጣለች። ትእዛዙ በላይኞቹ ክፍሎች ላይ ከተሰማ በኋላ በላይኛውና በታችኛው መካከል ወዳለችው በር ይደርሳል። በረኛይቱ ትእዛዙን ከአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ ለሚያህል ጊዜ ታቈየዋለች። ይህም መቈየት ጥፋት አይደለም፤ ላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን ወደ ታች አፍስሰው እስኪጨርሱ ድረስ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ በአንድ ግንድ ይወርድና፣ በቀኝና በግራ ቅርንጫፎች ተከፍሎ፣ እንደ ሥር በተሰራጩ ቀጫጭን ክሮች ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ሥጋ ሁሉ ይደርሳል። ያን ጊዜ ልብ ተጨምቆ ደሙን ወደ ሳንባና ወደ መላው ሰውነት ይልካል። ይህ ሥራ በአንድ ቀን ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

ይህን መንገድ ያወቁት ሊቃውንት በአንድ ጊዜ አላገኙትም፤ ከታች ወደ ላይ እየወጡ ደረሱበት እንጂ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ፑርኪንዬ የተባለው ሊቅ ቀጫጭኖቹን ክሮች አየ። በ1893 ቪልሄልም ሂስ ግንዱን አገኘ። በ1906 ሱናኦ ታዋራ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሲመረምር በረኛይቱን ገለጸ። በ1907 ደግሞ የብሪታንያ ሰዎቹ አርተር ኪትና ማርቲን ፍላክ ትእዛዝ የምታወጣዋን ስፍራ አገኙ። የሆላንዱ ሐኪም ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ስለ ሠራ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ኢ.ሲ.ጂ. የሚባለው ምርመራ ከዚሁ የመጣ ነው። በሽተኛው ጥቂት ደቂቃ ይተኛል፤ በደረቱ፣ በእጁና በእግሩ ላይ ሽቦ ይለጠፍበታል፤ ምንም ሳያመውም የልቡ ትእዛዝ እንዴት እንደሚሄድ በመስመር ተጽፎ ይወጣል።

እንግዲህ የስኳር በሽታ ይህን መንገድ የሚያበላሽበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያው ምክንያት የደም ሥር መጥበብ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመት ከመጠን አልፎ ሲኖር ትልልቆቹንም ቀጫጭኖቹንም የደም ሥሮች ያጠነክራቸዋል፣ ያጠባቸዋልም። የትእዛዙ መንገድ ደግሞ እንደ ማናቸውም የሰውነት ክፍል በደም የሚመገብ ነው። በአብዛኛው ሰው በረኛይቱ የምትመገበው ወደ ልብ በስተ ቀኝ ከሚሄደው የደም ሥር ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥር ሲዘጋ በሩ አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጠባሳ ነው። ከመጠን ያለፈ ስኳር ከሰውነት ሥጋ ጋራ እየተጣበቀ ለስላሳውን ያደርቀዋል፤ በልብ ሥጋም መካከል ጅማት የሚመስል ጠባሳ ይበቅላል። ጠባሳ ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም። ትእዛዙ ጠባሳው ከበዛበት ስፍራ ሲደርስ መንገዱን ለቆ ይዞራል፣ ወይም ይዘገያል፣ ወይም ፈጽሞ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት በእያንዳንዱ የልብ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች መታወክ ነው። የልብ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የሚባሉት የጨው ዐይነቶች በእነዚህ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። የስኳር በሽታ የበሮቹን ሥራ ስለሚለውጥ ትእዛዙ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው ሲሄድ ይዘገያል፤ ልብም ከአንድ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ምት የሚዘጋጅበት ጊዜ ይረዝማል። ይህ ጊዜ ከልክ በላይ ሲረዝም የትርታ መዘበራረቅን ያመጣል።

አራተኛው ምክንያት የነርቭ ጕዳት ነው። የስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ አደንዝዞ እሾህ የወጋውን ሰው እሾሁ እንዳይሰማው እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ወደ ልብ የሚሄዱትንም ነርቮች ያደነዝዛል። ልብን የሚያፈጥኑና የሚያዘገዩ ሁለት ወገን ነርቮች አሉ፤ አንዱ እንደ ልጓም፣ ሌላው እንደ አለንጋ ነው። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው ልጓሙ ስለ ሆነ፣ ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ይፈጥናል። ጤነኛ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ትርታው ጥቂት ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ጥቂት ይዘገያል፤ ነርቩ የተጐዳበት ሰው ግን ትርታው እንደ ሰዓት አንድ ዐይነት ይሆናል። ሐኪሞችም ጕዳቱን ከሚያውቁበት መንገድ አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ይህ ነው፤ ነርቩ የደነዘዘበት ሰው የልቡ የደም ሥር ሲዘጋ እንኳ የደረት ሕመም ላይሰማው ይችላል። ሌላው ሰው ደረቱን ይዞ በሚጮኽበት ሰዓት እርሱ ጥቂት ላብ፣ ጥቂት የትንፋሽ ማጠር፣ ጥቂት ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ይሰማዋል። የቤት ሰውም ብርድ መታው፣ ወይም ምግቡ አልተስማማውም ብሎ ያስተኛዋል።

የትእዛዙ መንገድ ሲታወክ ሕመሙ በሦስት ደረጃ ይታያል። በመጀመሪያው ደረጃ ትእዛዙ ሁሉ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ለመድረስ ከሴኮንድ ሁለት ዐሥረኛ እጅ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ይህ በኢ.ሲ.ጂ. ካልታየ በቀር አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜም መድኀኒት ሳያስፈልገው ክትትል ይበቃዋል። በሁለተኛው ደረጃ ከትእዛዞቹ አንዳንዱ በመንገድ ይቀራል፤ ሰውየውም ትርታው የተዘለለ ይመስለዋል፣ ያዞረዋልም። በሦስተኛው ደረጃ ከላይ የወጣ ትእዛዝ አንድም ወደ ታች አይደርስም። ያን ጊዜ የታችኛው ክፍል ራሱን ለማዳን በራሱ ፈቃድ ይመታል፤ ነገር ግን ምቱ በደቂቃ ከ20 እስከ 60 ባለው ውስጥ የዘገየ ስለ ሆነ ለአንጐል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሰውየውም ቆሞ ሳለ ወይም ሲራመድ በድንገት ራሱን ስቶ ይወድቃል።

በፊንላንድ አገር ስድስት ሺህ የሚያህሉ ሰዎች ለብዙ ዓመት ተከታትለው ተመርምረው፣ ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ታትሟል። በዚያም የጦም ስኳራቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ሰዎች ይህ የበር መዘጋት ሕመም አብልጦ እንደሚያገኛቸው ታይቷል። ይህ ማለት ግን ስኳር ያለበት ሁሉ ልቡ ይዘጋል ማለት አይደለም። ዕድሜ፣ የደም ግፊትና አስቀድሞ የደረሰ የልብ ጕዳት ብዙ ድርሻ አላቸው። ለግፊትና ለልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኀኒቶችም ትርታን ስለሚያዘገዩ፣ በሽተኛው የሚውጠውን መድኀኒት ሁሉ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስኳር መብዛት ነው፤ የስኳር ማነስም የዚያኑ ያህል ልብን ያውካል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚውጥ ሰው ምግቡን ሲተው፣ ወይም ከልማዱ የበለጠ ሲደክም፣ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰውነት ደንግጦ አድሬናሊን የሚባለውን ፈሳሽ ያወጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይቀንሳል፤ የልብም ትርታ ይዘበራረቃል። ይህ በሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ሲሆን አደጋው ይበልጣል፤ የሚያየው የለምና። በሌላ ወገን ደግሞ ኵላሊቱ በስኳር በሽታ የተጐዳ ሰው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ይህም የልብን ትእዛዝ አዘግይቶ ልቡን እስከ ማቆም ያደርሳል። ስለዚህ የኵላሊት ምርመራ ለልብም ጥበቃ ነው።

በአገራችን በዚህ ነገር ላይ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው የጦም ወራት ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ሲውሉ የጧቱን መድኀኒት እንደ ወትሮው የሚወስዱ አሉ፤ ሌሎችም መድኀኒቱን ፈጽመው ይተዋሉ። አንደኛው ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል፣ ሁለተኛው ከልክ በላይ ያወጣዋል፤ ሁለቱም ልብን ይጐዳሉ። ለሕመምተኛ የጦም ሥርዐት እንደሚቀልለት የታወቀ ነውና፣ ጦሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋራ መመካከር ይገባል። ወደ ጠበል የሚሄድም ሰው መድኀኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ኢንሱሊንን በድንገት ማቋረጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሕይወትን የሚያሳጣ ነገር ነውና።

አሁን ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባውን እንናገር።

መጀመሪያ፣ ትርታ መቍጠርን ልመዱ። በሽተኛው አምስት ደቂቃ ዐርፎ ይቀመጥ፤ ከአውራ ጣቱ በታች በእጁ አንጓ ላይ ሁለት ጣታችሁን አሳርፋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቍጠሩ። ቍጥሩ ዐርፎ ሳለ ዘወትር ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ50 በታች ወርዶ ከማዞርና ከድካም ጋራ ከመጣ፣ ወይም ትርታው ቅደም ተከተል የሌለው ከሆነ፣ ከነቀኑ ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። በደብተር ላይ የተጻፈ ቍጥር በቃል ከሚነገረው ይልቅ ለሐኪሙ ይረዳዋል።

ሁለተኛ፣ ራስን መሳትን እንደ ቀላል ነገር አትቍጠሩ። ስኳር ያለበት ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ተነሥቶ ደኅና ነኝ ቢል እንኳ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድና ኢ.ሲ.ጂ. መነሣት አለበት። ከተኛበት ሲነሣ የሚያዞረውም ሰው፣ የደም ግፊቱ ተኝቶና ቆሞ እንዲለካለት ይጠይቅ፤ በቆመ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቍጥር በ20 ከወረደ ነርቩ የተጐዳ ሊሆን ይችላልና። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ብርድ ያለበት ላብ ሲታይም፣ ደረቱን ባያመው እንኳ፣ ሌሊት ነው ሳይሉ መውሰድ ነው።

ሦስተኛ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኃብና ግራ መጋባት ሲታይ ስኳሩ ወርዶ እንደ ሆነ ለኩት። ወርዶ ከተገኘ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ሊታነቅ ይችላልና፤ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አራተኛ፣ ክትትል አይቋረጥ። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩአቸው ቤቶች እንደ ሆነ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ እንደ ገና ሊሠራ ሲሆን፣ በዚያ ለብዙ ዘመን የኖሩ ቤተ ሰቦች ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቀድሞ በእግሩ ወደ ሕክምና ይሄድ የነበረ ሽማግሌ ዛሬ አውቶቡስ መጠበቅ ግድ ከሆነበት፣ አንድ ቀጠሮ መቅረት ሁለት፣ ሁለት መቅረትም ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሰፈር የለወጠ ሰው የሕክምና ወረቀቱን ይዞ በአዲሱ ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ ክትትሉን ይቀጥል፤ ልጆቹም ይህን ይጠይቁለት። የቀድሞ የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ካለውም አይጣል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋራ ሲመሳከር ነው የትእዛዙ መንገድ መዘግየቱ የሚታወቀው።

አምስተኛ፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሹምና ጸሐፊ ሁሉ የእግር መንገድ መድኀኒት ነው። በሻይና በቡና ላይ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ፣ ከእንጀራው መጠን ይልቅ ጐመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ ትምባሆን መተው፣ የደም ግፊትን ማስለካት፣ እነዚህ ሁሉ የልብን መንገድ ይጠብቃሉ።

ሕመሙ ከጸና በኋላም ተስፋ አይቈረጥም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 በስዊድን አገር በስቶክሆልም፣ አርነ ላርሶን ለተባለ፣ የልቡ በር ተዘግቶበት በየጊዜው ራሱን ይስት ለነበረ ሰው፣ ትርታን የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ተቀበረለት። የመጀመሪያው መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቢበላሽም ሌላ እየተተካለት እስከ 2001 ድረስ ኖረ። ይህ የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ዛሬ በአዲስ አበባም ይገባል። ነገር ግን መሣሪያው የሚጠቅመው ሕመሙ አስቀድሞ ለታወቀለት ሰው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከሁሉ ነገር የሚበልጠው ዕውቀት ይህ ነው፤ በስኳር በሽታ ዝምታ ጤና አይደለም። ልብ ሳይጮኽ ሊታመም ይችላልና፣ የሚጮኽለት የቤቱ ሰው ይሁን። ዛሬ ማታ ከራት አስቀድሞ በየቤታችሁ ካሉት ሽማግሌና አሮጊት አጠገብ ተቀምጣችሁ እጃቸውን ያዙና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቍጠሩ። ቍጥሩን ከቀኑ ጋራ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ለሚመጣው ቀጠሮም አብሮ ይሂድ።